30 ፐርሰንት እያለ ድርግም የሚል ላፕቶፕ

(ቱሉ ዲምቱ፣ ለሰፈሩ ተማሪዎችና ቤታቸው ሆነው በላፕቶፕ ለሚሠሩ ሰዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ልብስ የምታጥቡ አላችሁ፣ ኳስ የምታዩ አላችሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

የማወራው ስለ አንዲት ቁጥር ነው። ስክሪናችሁ ጥግ ላይ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ስላለችው የባትሪ ቁጥር። በር ላይ ስትገቡ ችግራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ነበር፤ አየሁት። «30 ፐርሰንት እያለ ድርግም ይላል።» «100 ብሎ ስነቅለው ወዲያው 60 ይገባል።» «7 ፐርሰንት ላይ ሆኖ አንድ ሰዓት ይሠራል።» የመጨረሻው ቅሬታ ሳይሆን ጸጋ ነው፤ ግን በሽታው ያው ነው።

ያቺ ቁጥር ልኬት አይደለችም፣ ግምት ናት። ባትሪ ውስጥ ስንት እንደቀረ ገብቶ የሚያይ መሣሪያ ላፕቶፓችሁ ውስጥ የለም። ያለው የሚያሰላ ነገር ነው። ስለዚህ ነገሩ ሲበላሽ ወይ ሒሳቡ ተሳስቷል፣ ወይ ባትሪው ራሱ አልቆለታል። የመጀመሪያው በነጻ ይስተካከላል። ሁለተኛው ገንዘብ ያስወጣል። ብዙ ሰው ሁለቱን ሳይለይ ነው ሮጦ ባትሪ የሚገዛው። ወይ ደግሞ የሞተ ባትሪ ይዞ፣ ቪዲዮ እያየ፣ ሲሞላና ሲያራግፍ የሚከርመው።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ሴሎች፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚይዙት ትንንሽ ባትሪዎች፣ ብቻ አይደሉም ያሉት። አንዲት ትንሽ ቦርድ አለች፣ እሷ ላይ ደግሞ ቺፕ አለ። የሚገባውም የሚወጣውም ኤሌክትሪክ በአንዲት በጣም ትንሽ ሬዚስተር በኩል ያልፋል። ቺፑ እዚያ ላይ ቆሞ ስንት ከረንት እንዳለፈ ይለካል፣ በጊዜ ያባዛል፣ የገባውን ይደምራል፣ የወጣውን ይቀንሳል። ዊንዶውስ «ስንት ቀረ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱ ይመልሳል። ቺፑና ላፕቶፑ የሚነጋገሩበት ደንብ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ኢንቴልና ዱራሴል አብረው ያወጡት ነው። ዊንዶውስ እንግዲህ መልእክተኛ ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩ ሲዛባ ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማይፈይደው። ቺፑ ፎርማት አልተደረገማ!

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ የንብረት ክፍሉን ሰውዬ አስቡት። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘግባል። «ስንት ደስታ ወረቀት አለ?» ስትሉት መጋዘኑን አይከፍትም፤ ካርዱን ነው የሚያየው። ካርዱ ላይ ግን ጥቃቅን ስህተት ይጠራቀማል። አይጥ የበላው አለ። ሳይመዘገብ የወጣ አለ። ለዚህ ነው በዓመት አንዴ በሩ ላይ «ለቆጠራ ዝግ ነው» የሚለጠፈው። ቺፑም እንደዚያው ነው። ከረንት ሲለካ ትንሽ ይስታል። ባትሪው ተቀምጦም ቢሆን ቀስ እያለ የሚያፈሰው አለ። ብርድና ሙቀት ሒሳቡን ይነካካሉ። ቆጠራ ካልተደረገ ካርዱና መጋዘኑ ይለያያሉ።

ቆጠራው የሚደረገው ሁለቱ ጫፍ ላይ ነው። የሊትየም አዮን ሴል ሲሞላ በአብዛኛው 4.2 ቮልት ይደርስና የሚገባው ከረንት እየቀጠነ ይሄዳል። ቺፑ ያኔ «አሁን ሞልቷል» ብሎ እርግጠኛ ይሆናል። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቮልቴጁ ወደ 3 ቮልት ቁልቁል ይወርዳል፤ እዚያም እርግጠኛ ይሆናል። መሃሉ ግን ሜዳ ነው። ከ60 ወደ 40 ሲወርድ ቮልቴጁ ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ሥራ ላይ እያለ መሃል ላይ በዋናነት የሚተማመነው በካርዱ ነው። አሁን ላፕቶፑን ጠዋት ሰክታችሁ ማታ የምትነቅሉትን አስቡ። ወይ ከ90 በታች ወርዶ የማያውቀውን። ቺፑ የታችኛውን ጫፍ ለወራት አላየውም። አንድ ቀን መብራት ሲሄድ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ይኼ የመዝገብ ስህተት ነው። ሌላኛውስ?

ብዙ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ሦስት ሴል ወይም ሦስት ጥንድ በተከታታይ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ባትሪው ላይ 11.1 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እንደዚያ ነው፤ 3.7 ሲባዛ በ3። ሦስቱ እኩል አያረጁም። አንዱ ከደከመ፣ ሁለቱ ገና ግማሽ ይዘው እያሉ እሱ ያልቃል። ቦርዷ ላይ ያለው ሰርኪዩት ደግሞ ሴል ከልክ በታች እንዳይወርድ ስለሚጠብቅ ሁሉንም ይዘጋል። እናንተ የምታዩት 35 ፐርሰንት ሲል ጸጥ ማለቱን ነው።

በዚህ ላይ እርጅና አለ። ሴል ሲያረጅ ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ፣ ከረንቱን የሚገታው ነገር ማለት ነው፣ ይጨምራል። ቀላል ሥራ ስትሠሩ ደህና ነው። ከበድ ያለ ነገር ስትከፍቱ ከረንቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ የታችኛውን ወለል ይነካል፣ ላፕቶፑ ይዘጋል። ቻርጁ ግን ውስጡ አለ። ቂሊንጦ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወንድማችን ወረቀቱ ላይ በደንብ አድርጎ ጽፎታል፤ «ወርድ ስጽፍ እስከ 10 ይወርዳል፣ ቪዲዮ ኤዲት ሳደርግ 30 ላይ ይዘጋል።» ወንድሜ፣ ምርመራውን ራስህ ጨርሰኸዋል። ያ የመዝገብ ችግር አይደለም። ባትሪህ ደክሟል። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ የኅዳርን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ብርድ ይህንኑ ሬዚስታንስ ይጨምራል። በባሰው ባትሪ ላይ ጠዋት ከቦርሳ ሲወጣ የሚዘጋ ላፕቶፕ ከሰዓት ደህና ሊሆን ይችላል።

አሁን ለይተን እንወቅ። የምትፈልጉት አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ስታርት ውስጥ ኮማንድ ፕሮምፕት ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ። ከዚያ ፒ፣ ኦ፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ። ክፍት ቦታ ስጡ። ስላሽ አድርጉና ባትሪ ሪፖርት የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱን ቃል ሳትለያዩ ጻፉ። ኢንተር። አንድ ፋይል ይሠራል፣ የት እንዳስቀመጠውም ራሱ ይነግራችኋል። በብሮውዘር ይከፈታል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አለ፤ ምንም ማውረድ አያስፈልግም።

ፊት ለፊት የተቀመጠችው እህታችን ላፕቶፗን አምጥታለች፤ ፈቃደኛም ናት። የሷን እንክፈት። ግድግዳው ላይ ይታያችኋል? ዲዛይን ካፓሲቲ 41,040 ይላል። ሚሊዋት ሰዓት ነው። ፋብሪካው «ይህን ያህል ይይዛል» ያለው ነው። ከሥሩ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ አለ፤ 19,152 ይላል። ይኼ ደግሞ ቺፑ «አሁን ሲሞላ ይህን ያህል ነው የሚይዘው» የሚለው ነው። ከግማሽ በታች። የሷ 100 ፐርሰንት የድሮው 47 ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከአሁኑ አቅም ላይ ስለሚሰላ፣ ስክሪኑ 100 ማለቱ ውሸት አይደለም።

ግን ቆዩ። 19,152 የሚለውንም የጻፈው ያው ቺፕ ነው። ቺፑን በራሱ ምስክርነት ብቻ አንፈርደውም። ስለዚህ ወደ ታች እንውረድ። ባትሪ ካፓሲቲ ሂስትሪ የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ አቅሙን በየጊዜው መዝግቦ ያስቀምጣል። እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከወረደ እርጅና ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ38,000 ወደ 22,000 ዘሎ ከወረደ ግን ጠርጥሩ። ሴል በአብዛኛው እንደዚያ በሳምንት አያረጅም፤ መዝገብ ግን በሳምንት ይዛባል። የሷ እያዘገመ ነው የወረደው፤ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ሰዓት። «ከ100 ጀምሮ እስኪዘጋ ስንት ትቆዪበታለሽ?» አልኳት። «ሁለት ሰዓት ገደማ» አለች። ጽሑፍ እየጻፉ ኢንተርኔት ሲያዩ መጠነኛ ላፕቶፕ 8 ወይም 10 ዋት ይበላል። 19,152 ሚሊዋት ሰዓት ማለት 19 ዋት ሰዓት ነው፤ ለ10 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ገጠመ። ፐርሰንቱ ሲወርድም አይዘልም አለች። ስለዚህ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሐቀኛ ነው። መጋዘኑ ነው ባዶ የሆነው። እሷ ባትሪ ሞልታ ብታራግፍ ምንም አታተርፍም።

በተቃራኒው፣ አንዱ አራት ሰዓት ይሠራል፣ ግን ቁጥሩ 80 ላይ ይቆማል፣ ከዚያ 45 ይሆናል፣ ከዚያ 6 ላይ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ይኼ ባትሪ ደህና ነው። ቆጠራ ነው የሚያስፈልገው።

ማክቡክ ያላችሁ ባትሪ ሄልዝ የሚለውን ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ባትሪያቸው ውስጥ የተገጠመላቸው ማክቡኮች ቆጠራ በእጅ አያስፈልጋቸውም ብሎ አፕል ራሱ ተናግሯል፤ ስለዚህ አትልፉ። ኡቡንቱ የምትጠቀሙም ፓወር ስታቲስቲክስ የሚባለው ፕሮግራም ያንኑ ነገር ያሳያችኋል።

ቆጠራው፣ ካሊብሬሽን የሚሉት፣ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 100 ሙሉት፤ ሞላ ብላችሁ ወዲያው አትንቀሉ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተሰክቶ ይቆይ። ይቀዝቅዝ። ከዚያ ንቀሉና ቀለል ያለ ነገር ክፈቱበት። ፋይላችሁን ሴቭ አድርጉ፤ የተመረቂያ ጽሑፍ ከፍታችሁ እንዳትሞክሩት። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ስክሪኑም ላፕቶፑም እንዳይተኛ አድርጉ። ራሱ እስኪዘጋ ይውረድ። ከዘጋ በኋላ ጥቂት ሰዓት ተውት። ከዚያ እስከ 100 መልሳችሁ ሙሉት። አለቀ።

ዋናው ነገር ሲወርድ መሃል ላይ አለመሰካት ነው። «40 ደረሰ፣ ትንሽ ላግዘው» ካላችሁ ቆጠራው ፈረሰ። ሲሞላ መብራት ቢሄድ ግን አትደንግጡ። ሲመጣ ይቀጥላል። እንደውም የኛ ሰፈር ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ መብራት ሲሄድ ግማሹ ሥራ ተሠራለት ማለት ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ለዚህ የራሳቸው ነገር አላቸው። ቲንክፓድ የሚባለው የሌኖቮ ላፕቶፕ ያላችሁ ሌኖቮ ቫንቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የባትሪ ጌጅ ሪሴት ፈልጉ፤ ሙሉውን ዙር ራሱ ይሠራላችኋል።

ይህን ግን በየሳምንቱ አታድርጉት። ሙሉ ለሙሉ ማራገፍ ሊትየምን ያደክማል። ቁጥሩ ሲዛባ፣ ቢበዛ በሁለት ሦስት ወር አንዴ። አንድ ሁለት ዙር አድርጋችሁ አሁንም 30 ላይ የሚዘጋ ከሆነ ከእንግዲህ ነገሩ መዝገብ አይደለም፣ ሴል ነው። ተዉት።

ስህተት የሚመስሉ ግን ስህተት ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። 80 ላይ ወይም 60 ላይ ቆሞ አልሞላም የሚል ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ሳይሆን ተነግሮት ነው። አሱስም ሌኖቮም ሌሎቹም የባትሪ ዕድሜ ለማርዘም የሚያስቆም ሴቲንግ አላቸው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ የድሮው ባለቤት አብርቶት ሊሆን ይችላል። 97 ላይ ሰክታችሁ «ቻርጅ አያደርግም» ብትሉም ጤነኛ ነው፤ ብዙዎቹ ከ95 አካባቢ በታች ካልወረደ መሙላት አይጀምሩም። ሌላው ቻርጀር ነው። ዴል በተለይ ቻርጀሩን ይመረምራል። ካላወቀው ላፕቶፑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ተመሳስሎ የተሠራ ቻርጀር ገዝታችሁ ባትሪውን የምትወቅሱ ብዙ ናችሁ።

አሁን ወደሚጠቅመው። ባትሪያችሁ ደክሟል፣ ገንዘብ ደግሞ አሁን የለም እንበል። ሥራ ግን አለ። ላፕቶፑ ሁልጊዜ 20 አካባቢ የሚዘጋ ከሆነ ቀድማችሁት ዝጉት። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽን፣ አድቫንስድ ሴቲንግ፣ ባትሪ፤ ክሪቲካል ባትሪ ሌቭል የሚል አለ። ዊንዶውስ በአብዛኛው 5 ላይ ነው የሚያስቀምጠው። 25 አድርጉት። ክሪቲካል አክሽን የሚለውን ሃይበርኔት አድርጉት። ሎው ባትሪ የሚለውን ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ 35 አድርጉት፤ እንዲያስጠነቅቃችሁ። እንግዲህ 25 ሲደርስ የከፈታችሁትን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ በሥርዓት ይዘጋል። መብራት ሲመጣ ከተዋችሁበት ትቀጥላላችሁ። ስሊፕ አይሆንም፤ ስሊፕ ራሱ ባትሪ ይፈልጋል። ቆጠራ በምታደርጉበት ቀን ብቻ ቁጥሩን መልሳችሁ ዝቅ አድርጉ።

ባትሪ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ጆሮ ስጡኝ። ገበያ ላይ «አዲስ» የሚባለው ሁሉ አዲስ አይደለም። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አለ፤ ሊትየም ሳይነካም ያረጃል። ሴሉ ተቀይሮ ቺፑ ያልተቀየረ አለ። ይኼኛው አስቸጋሪ ነው፤ ሴሉ ሌላ፣ ካርዱ የሟቹ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፐርሰንቱ ይቀባጥራል። ቺፑ ላይ ውሸት የተጻፈበትም አለ። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እዚያው አስገጥሙና ያንኑ ሪፖርት አውጡ። ዲዛይን ካፓሲቲው ባትሪው ላይ ከተለጠፈው ጋር ይገጥማል? ሳይክል ካውንት፣ ስንት ዙር ሞልቶ እንዳለቀ የሚቆጥረውን፣ የሚያሳይ ከሆነ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው? ከዚያም ዋስትና ጠይቁ። ወረቀቱ ሁሉ ሊዋሽ ይችላል። የማይዋሸው ቤት ሄዳችሁ ሰዓት ስትይዙበት ነው። ስለዚህ መመለስ የሚቻልበት ጥቂት ቀን ካልሰጧችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

«እኔ ራሴ ሴሉን ልቀይር» የምትሉ አላችሁ፤ አያችኋለሁ፣ እየሳቃችሁ ነው። ሴል በካውያ አይበየድም። ሙቀቱ ይጎዳዋል። ከተነካካ ደግሞ እሳት ነው።

ጥያቄ ነበር። እዚህ ከኋላ ያሉት አባት ናቸው የጠየቁት።

«ልጄ፣ ድሮ ሬዲዮና ካሜራ ላይ ‘ባትሪ ሙሉ በሙሉ ካልጨረስክ አትሙላ’ ይሉን ነበር። አሁን ደግሞ 80 ላይ ንቀል ትላላችሁ። የቱን እንያዝ?»

ጋሼ፣ ያኔ የነገሯችሁ ልክ ነበሩ፤ ለዚያ ባትሪ። ኒኬል ካድሚየም የሚባለው ግማሽ ላይ ደጋግመው ከሞሉት አቅሙን የሚያጣበት ጠባይ ነበረው። ሊትየም አዮንን ሶኒ ገበያ ላይ ያወጣው በፈረንጆች በ1991 ነው። እሱ ያ ጠባይ የለውም። የሠሩት ሰዎች፣ ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ፣ በ2019 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ባትሪው ተቀየረ፣ ምክሩ ግን አልተቀየረም፤ አሁንም ሰው ስልኩን 0 እስኪሆን ይጠብቃል። ሊትየም የሚወደው መሃሉን ነው። ጠዋት ማታ ተሰክቶ የሚውል ላፕቶፕ ካለዎት 80 ላይ የሚያቆመውን ሴቲንግ ያብሩ። ሰኞ ወደ መሃል ከተማ ይዘውት የሚሄዱ ከሆነ እሑድ ማታ 100 ይሙሉት። አይጨነቁ። ከ100 የበለጠ የሚጎዳው ሙቀት ነው። ጋቢ ላይ፣ ፍራሽ ላይ አድርገው አይጠቀሙበት፤ የአየር መውጫውን ይደፍነዋል።

እዚህ ጋ ደግሞ አንዲት ልጅ ጠይቃለች። «ማውስ ፓዱ ወደ ላይ ተነሥቷል፣ ሲጫኑት አይጫንም፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ ይያያዛል?»

ይያያዛል። ላፕቶፑ አሁን እዚህ አለ? ቤት ነው? እሺ። ባትሪው አብጧል። ውስጡ ጋዝ ተፈጥሮ ነው። ስትሄጂ አትሰኪው፣ አታብሪው፣ እንዲተኛልሽ ብለሽም አትጫኚው። በመርፌ ጋዙን ላስወጣ የሚልሽ ሰው ካለ ላፕቶፑን ተቀብለሽ ውጪ። ከአልጋና ከመጋረጃ ራቅ አድርገሽ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጪው፤ ሰኞ ባለሙያ ጋ ወስደሽ አስወጪው። የወጣውን ባትሪ የሰፈር ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣዪው። መኪናው ሲጨምቀው ይቀጣጠላል። የሚጠግንልሽን ሰው «አሮጌውን የት ነው የምታደርሱት?» ብለሽ ጠይቂው። ላፕቶፑ ራሱ ባትሪው ከወጣለት በኋላ በብዛት በቻርጀር ብቻ ይሠራል፤ ለፈተናሽ ይደርሳል።